ባለ አንድ ፔዳል ብስክሌት

ሽንፋ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማርያማዊት፣

ከሰላምታ በፊት ክስ አለኝ። ፖስታው ላይ «ለአቶ ደምለው» ብለሽ የጻፍሽው ምን አስቀይሜሽ ነው? ኸሊል ጭነት መኪናውን ትርሐስ ሻይ ቤት ፊት አቁሞ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «የአቶ ደምለው ደብዳቤ! አቶ ደምለው!» ብሎ ሲጮህ፣ የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ማን ይሆን ብሎ ዞር ዞር አለ። እኔም አብሬ ዞርኩ። በዕድሜዬ አቶ ብሎ የጠራኝ ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነው፤ እሱም አቶ ሲለኝ ሊወስድ ነው። ጎረቤቴ ለይኩን ይኸው እስከ ዛሬ «አቶ፣ ወንበር ላምጣልዎ?» እያለ ያላግጥብኛል። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ። አጎትሽ ነኝ፤ አጎትነት ይበቃኛል።

ክሴ አለቀ። እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ ግንድ ወንድሜስ ሆስፒታሉን እንዴት ለመደው? አልጋው ጠበበኝ እያለ እንደሚያስቸግርሽ አውቃለሁ። እኛ ደኅና ነን። ስልኩ እንደተቆረጠ ነው። መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ኸሊል ቀዳዳ ባገኘ ቁጥር ይሾልካል። እንግዲህ እሱ እስካለ ድረስ እንደ ጥንት ሰው በወረቀት እንነጋገራለን።

ሐኪሞቹ የእባቡን ዓይነት ጠየቁ ብለሻል። አጭርና ወፍራም ነው፤ መልኩ የደረቀ የሰሊጥ ገለባ ይመስላል። አባትሽ ያጨደውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ከነዶው ሥር ወጥቶ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱን ነከሰው። ለይኩን በማጭዱ ሁለት አድርጎታል። እኛ የዘገየነው ፈዘን አይደለም ልጄ፤ ተሸክመን አስፋልቱ ላይ ስናወጣው መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ሲነጋም እንደተዘጋ ነበር። ይህን ለሐኪሞቹ ንገሪያቸው። ባይጠቅምም ንገሪያቸው።

ወደ ብስክሌቱ ልምጣ። «አባዬ ድኖ ሲመለስ ታድሶ በሩ ላይ ይጠብቀው፤ የእኔ ስጦታ ነው፤ እንዳይሰማ» ብለሽ ያዘዝሽኝን ተቀብያለሁ። ትላንት ሰሊጥ ማከማቻው ውስጥ ከጣራው ከተንጠለጠለበት ገመድ አወረድኩት። አንዲት ዶሮ መቀመጫው ላይ ጎጆዋን ሠርታ ኖሯል፤ አስለቅቄያታለሁ፤ ተቀይማኛለች። ሰንሰለቱ ከዝገት የተነሣ አንድ ዘንግ ሆኗል። ጎማዎቹን አይጥ በልቷቸዋል። የፊት ቸርኬው ተጣሟል። መሪው ብቻ ጤነኛ ነው፤ እሱም አባትሽ ሙጭጭ አድርጎ ስለሚይዘው ሞት የፈራው ይመስለኛል።

ይህ ብስክሌት ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? አባትሽ በጎረምሳነቱ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ወርዶ ሲያጭድ ባገኘው ገንዘብ ገዛው። እዚያ አጀላ ይሉታል። ከገዳሪፍ እስከዚህ እየነዳ መጣ፤ አቧራ ለብሶ ዓይኑ ብቻ ሲቀር፣ እናቴ ሌባ መስሏት ድንጋይ አነሳች። እናትሽንም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያገባት ቀን ሚዜዎቹ በቅሎ ጭነው ሲጠብቁ እሱ ከኋላው አፈናጦ አመጣት። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ቀሚሷ ቸርኬው ውስጥ እንዳይገባ ይዤ ነበር። ሚዜነቴ ይኸው ነበር።

በይ ቻው። የእግሩ እብጠት ጎደለለት ወይስ አልጎደለለትም? ያለፈው ደብዳቤሽ ይህን ዘሎታል።

አጎትሽ ደምለው

*

ጎንደር፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለደምለው፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አቶ ያልኩዎ ፖስታው ባዶ እንዳይመስል ብዬ ነው። ሁለተኛ አልደግምም።

አባዬ ሰላም ብሎዎታል። ስለ ብስክሌቱ አልሰማም። «ደምለው ምን እየሠራ ነው?» ሲለኝ «ትራክተር እየፈታ ነው» አልኩት። «መፍታቱንስ ይፈታል» አለ። ከዚያ ቆይቶ «ሲገጥም አንድ ብሎን ይተርፈዋል፤ የተረፈውን ኪሱ ከትቶ ዝም ነው» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ዘንድሮ የሰሊጡን ነገር በጣም ያስባል። ታጨደ ወይ? ነዶው እንዲደርቅ በሂላ ተደግፎ ቆመ ወይ? ሠራተኞቹ ከደጋ ወረዱ ወይ? ብሎ ይጠይቅዎታል። ደስ የሚለው ነገር ካለ ይጻፉለት፤ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።

የእግሩን ነገር ሐኪሞቹ እየተከታተሉት ነው። አያስቡ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ብስክሌት በአንድ እግር ይነዳል? እንዲያው ነው የጠየቅሁ።

እንደ ልጅዎ ይዩኝ፤ የወንድምዎ ልጅ፣
ማርያማዊት

*

ሽንፋ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማርያማዊት፣

በመጀመሪያ ለአባትሽ የሚነበብ፦ ሰሊጡ ደኅና ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ብቻሽን አንብቢ።

ማንበብ የተማርኩት ከማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ አንድም ቀን ትምህርት ቤት አልገባሁም። ግን «እንዲያው ነው የጠየቅሁ» የሚል ነገር እንዲያው እንደማይጻፍ አውቃለሁ። ቀኙ እንደሆነ ግልጽ ነው። ከጉልበት በላይ ነው ወይስ በታች? ይህን ብቻ ጻፊልኝ። ሌላውን እኔ ራሴ ሞልቼዋለሁ፤ ስሞላው ያየኝ የለም።

አሁን ለጥያቄሽ መልስ። ብስክሌት በአንድ እግር መነዳት አለመነዳቱን የሚያውቅ ሰው ሽንፋ ውስጥ ስላጣሁ ራሴ ሞከርኩ። ቀኝ እግሬን ወደ ኋላ አጥፌ በገመድ ከጭኔ ጋር አሰርኩት። አጥሩን ተደግፌ ወጣሁ። በግራው ገፋሁት፤ ፔዳሉ ወደ ታች ወረደ፤ እዚያው ቀረ። የሚያነሳው ሌላ እግር የለማ! ብስክሌቱ ቆመ፤ እኔ ግን መሄዴን ቀጠልኩ፤ የለይኩን ፍየሎች መኻል ነው የደረስኩት።

«አቶ ደምለው!» አለ ለይኩን። «እግርዎን ማን ሰረቀዎ?»

«አከራይቼው ነው» አልኩት።

«ለማን?»

«ለሚስትህ ጉልቻ አንሷት ነበር።»

ትርሐስ ከሻይ ቤቷ ብርጭቆ እንደያዘች ወጥታ «አበደ! ማርያምን አበደ!» ትላለች። መኪናው ሥር ተኝቶ ሲጠግን የነበረው ኸሊል እየተሳበ ወጥቶ «ወላሂ፣ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ያልሠራውን ሠራህ፤ አሳቅኸኝ» አለ። ለምን እንደማደርገው የጠየቀኝ የለም። ሞኝ መሆን ጥቅሙ ይህ ነው፤ ምክንያት አትጠየቂም።

ወድቄ መላ አገኘሁ። ቀኙን ፔዳል ነቅዬ፣ በቦታው ከአሮጌ ማረሻ የተቆረጠ ከባድ ብረት አስበይድበታለሁ። ግራው ወደ ታች ሲወርድ ብረቱ ከላይ ይሆናል፤ በክብደቱ ይወድቅና ግራውን መልሶ ያነሳዋል። ብረቱ እንደ ሁለተኛ እግር ነው፤ ደግሞ አይደክመውም፣ እባብም አይነክሰው። ግራ እግሩ ከፔዳሉ እንዳይንሸራተት የቆዳ ማሰሪያ እሠራለታለሁ። ማቆሚያውን እኔ አስተምረዋለሁ። መውደቂያውን አሁን ተምሬዋለሁ።

አይዞሽ አልልሽም። እኔ ራሴ ያን ቃል የሚለኝ ሰው አጥቻለሁና ስታገኚ ላኪልኝ።

ደምለው

*

ጎንደር፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለደምለው፣

ስለደበቅሁዎ ይቅር ይበሉኝ። መጀመሪያ ከጉልበት በታች ነበር። ቁስሉ እምቢ ሲል እንደገና ከጉልበት በላይ ቆረጡት። ሁለተኛውን እንዴት አድርጌ እንደምጽፍልዎ ሳስብ ነው ደብዳቤው የዘገየው።

ምሥጢራችንን አውጥቼዋለሁ፤ ይገሥጹኝ። ከተቆረጠ ወዲህ ከእኔም ከሐኪሞቹም ጋር አይነጋገርም ነበር። ምግብ ስሰጠው ይውጣል፣ ውሃ ስሰጠው ይጠጣል፣ አለቀ። የእርስዎን ደብዳቤ ብቻዬን ሳነብ ፍየሎቹ ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። «ምንድን ነው?» አለኝ። ሁሉንም አነበብኩለት፤ ለእኔ ብቻ የተባለውንም ጭምር። ጉልቻው ላይ ሲደርስ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። በአጠገቡ የተኙት በሽተኞችም ሳቁ። ከዚያ አለቀሰ። ከዚያ «የብረቱ ክብደት ከበዛ ቁልቁለት ላይ ይገለብጠኛል፤ እንዲቀንሰው ጻፊለት» አለኝ። ስለዚህ ይቀንሱት።

ሌላም አስጽፎኛል። በራሱ ቃል ይኸው፦ «ደምለው፣ ሰሊጡ ደኅና ነው ያልከኝ በአንድ መስመር ነው። ደኅና ቢሆንማ ሁለት ገጽ ትኩራራብኝ ነበር። እውነቱን ጻፍ። እግሬን ነግረውኝ አልሞትኩም፤ ሰሊጤን ብትነግረኝ አልሞትም።»

ለጥምቀት ቤቴ መሆን አለብኝ ይላል። ብስክሌቱን እየነዳ ታቦቱን ከኋላ ሊከተል ነው አሉ። እስቲ አያብድም?

ትንሽ ትኩሳት አለው። ማታ ማታ ይነሣበታል፤ መድኃኒት እየሰጡት ነው።

ማርያማዊት

*

ሽንፋ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማርያማዊት፣ ይህ ለሁለታችሁም ነው፤ ጮክ ብለሽ አንብቢው።

ወንድሜ ውባንተ ሆይ፣ ሰሊጥህ ረግፏል። የሚያጭዱት ልጆች መንገዱ ስለተዘጋ ከደጋ አልወረዱም። ቆሞ ደረቀ፤ ፍሬው በየራሱ ጊዜ ፈነዳ፤ መሬቱ ጠጣው። እኔና ለይኩን በወንዙ በኩል ያለችውን ማዕዘን አጭደን በሂላ አቁመናታል፤ ለዘር ትሆናለች። ከዚያ ውጭ ያለው የወፍ ነው። ወፎቹ ዘንድሮ ከመወፈራቸው የተነሣ መብረር አቅቷቸው በእግራቸው ይሄዳሉ። ስለዋሸሁህ እኔም በአንድ መስመር ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ይቅር በለኝ። አንተ በዚያ አልጋ ላይ ሆነህ ሰሊጥ ሲረግፍ እንድታይ አልፈለግሁም ነበር። ግን እግርህን ካልደበቁህ ሰሊጥህን የምደብቅህ እኔ ማን ነኝ?

አሁን ጥሩውን ስማ። ቸርኬው ተቃንቷል። ኩሽኔታዎቹን በነጭ ጋዝ አጥቤ ግራሶ ሞልቼባቸዋለሁ፤ ጎማውን አንሥተህ አንዴ ብታሽከረክረው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለህ፣ እሱ ገና ይዞራል። ሰንሰለቱን ዘይት ውስጥ ዘፍዝፌው ሰነበተ፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ተላቀቀ። ጎማና ከመነዳሪ ኸሊል ከመተማ ዮሐንስ አመጣልኝ፤ ከሱዳን ሸሽቶ የመጣ አንድ ሽማግሌ ጎማ ጠጋኝ ነው የመረጠለት። ቀለሙ ቀይ ነው። ጥቁር እንደነበር አውቃለሁ፤ ያገኘሁት የትራክተር ቀለም ግን ቀይ ብቻ ነው። ብረቱን ቀንሼዋለሁ። ትላንት ቀኝ እግሬን አስሬ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሳልወድቅ ደረስኩ። ቄሱ ይባርኩኝ ይሁን አማትበው ይሽሹኝ አልታወቀኝም፤ እጃቸው ተነሥቶ ነበር።

የተረፈ ብሎን የለም። ኪሴን ፈትሽ።

የቀረው የግራ እግርህ ማሰሪያ ነው። ማርያማዊት፣ እግሩን ከተረከዝ እስከ አውራ ጣቱ በክር ለክተሽ ክሩን ላኪልኝ። ጫማውን እንዳትለኪ፣ አደራ! እሱ ዕድሜ ልኩን ጫማ በሁለት ቁጥር አስፍቶ ነው የሚገዛው፤ አድጋለሁ ብሎ ይሆናል።

ትኩሳቱን አልወደድኩትም።

ደምለው

*

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለደምለው፣

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ክሩን በዚህ ውስጥ ጠቅልዬ ልኬያለሁ።

መንገዱ ሲከፈት እንገናኛለን። እስከዚያ የደም ግፊት መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ። ማታ ብቻዎን ባያድሩ ደስ ይለኛል፤ ለይኩን ወይም ከልጆቹ አንዱ አብሮዎት ቢያድር ምናለ? እህልም በደንብ ይብሉ።

አባዬ ሰላም ብሎዎታል።

ማርያማዊት

*

ሽንፋ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማርያማዊት፣

ክሩ ደርሶኛል። ማሰሪያውንም ሠርቼ ፔዳሉ ላይ ሰፍቼዋለሁ፤ ከአሮጌ የበቅሎ ኮርቻ የተገኘ ቆዳ ነው፣ ሰው ሳያልቅ አያልቅም።

ክሩን ከመቁረጤ በፊት ከራሴ ጫማ ጋር አስተያየሁት። እኩል ሆነ። የወንድሜ እግር ግን ከእኔ ያንሳል፤ በልጅነታችን በአንድ ጫማ ስንጣላ እሱ ነበር ጨርቅ የሚጠቀጥቅበት። የለካሽው ጫማውን ነው። እግሩን ለኪ ብዬሽ ነበር።

እኔ ግን አልጠይቅሽም። አንቺም አትመልሺልኝ።

እዚህ የሆነውን ልንገርሽ። ኸሊል ያን ደብዳቤ ሲያደርስልኝ በመስኮት አልጮኸም። ወርዶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ሰላም ነው?» ስለው «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መሬት መሬቱን አየ። በማግስቱ ቀኝ እግሬን አስሬ፣ ቀዩን ብስክሌት በትርሐስ ሻይ ቤት ፊት ነዳሁት። ሆን ብዬ ወደቅሁ። ማንም አልሳቀም። ለይኩን፣ ያ እኔን የለከፈ ቀን ምሳው የሚጣፍጠው ለይኩን፣ ሮጦ መጥቶ አነሣኝና አቧራዬን አራገፈልኝ።

«አቶ ደምለው አትልም?» አልኩት።

«ተወኝ እስቲ» አለ።

«እግሬን ማን እንደሰረቀኝ አትጠይቀኝም?»

«ደምለው፣ በማርያም ተወኝ!» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ትርሐስ ሻይ አምጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ እስክጨርስ አልተነሣችም። ማታ ማታ የለይኩን ሚስት ሽሮ በድስቱ ታመጣልኛለች፣ ለይኩንም ፍየል ጠፍቶብኝ ነው፣ ዝናብ ይመጣል፣ እያለ እየሰበበ እኔ ቤት ያድራል። በታኅሣሥ ምን ዝናብ አለ?

ልጄ፣ ይህን አገር እኔም አንቺም እናውቀዋለን። ሞት በስልክ አይነገርም፣ በወረቀትም አይጻፍም። ሰውየው በልቶ እንዲያድር ይደረጋል፣ አጠገቡ ሰው ይተኛል፣ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ደጁን ይመታሉ። በዚህ መንደር መርዶ ሲኬድ እኔ ቀርቼ አላውቅም። የሚወስዱኝ ግን ለመናገር አይደለም፤ የሰውየውን ውሻ እንዳባብልና፣ ከተነገረው በኋላ ሲወድቅ እንድይዘው ነው። መንገድ ላይ ቀልድ እነግራቸዋለሁ፤ አለዚያ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ደጁ ሳይደርሱ ያለቅሳሉ። ስለዚህ ምን እንደሚመጣ ከማንም በላይ አውቃለሁ። የማላውቀው ለምን እንደዘገየ ነው።

በየማለዳው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ እለብሳለሁ። ፊቴን እታጠባለሁ። ወንበር አውጥቼ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ እንዳይቸገሩ ብዬ መዝጊያውንም እከፍተዋለሁ። ለይኩን እንደተኛ ሆኖ ያየኛል። ይነጋል። ማንም አይመጣም። ተነሥቼ ብስክሌቱን እወለውላለሁ። ከመወልወሌ ብዛት ቀለሙ ሊላጥ ነው። መጀመሪያ ላይ ተናደድኩባቸው፤ ምን ይጠብቃሉ? አሁን ግን በየቀኑ ስላልመጡ አመሰግናቸዋለሁ። ባልመጡ ቁጥር ወንድሜ እዚያ አልጋ ላይ «የተረፈ ብሎን አለ» እያለ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። ስትጽፊልኝ «ሰላም ብሎዎታል» አትበዪ። ያን መዋሸት ላንቺ ከባድ ነው፤ ብዕርሽ ወረቀቱን ቀዶታል። ዝም ብለሽ ስለ ጎንደር ብርድ ጻፊልኝ። ስለ ሌላ ሰው ጻፊልኝ። እኔም ስለ ዶሮዋ እጽፍልሻለሁ፤ ወደ ማከማቻው ተመልሳ ብስክሌቱ ተንጠልጥሎ በነበረበት ገመድ ሥር ትቀመጣለች፣ ቤቱ እንደፈረሰበት ሰው። ዝም ተባብለን ሁለታችንም እናውቃለን። አንቺ እዚያ ብቻሽን በአንድ አልጋ አጠገብ ምን እንዳየሽ አላውቅም፤ ማን ደገፈሽ? ሲያልቅስ ማን ያዘሽ? ውሻ የሚያባብል ሞኝ አጎት እንኳ አልነበረሽም። እኔን የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው። ለእኔ መንደሩ ሁሉ ተነሥቶ ሊያዝንልኝ ተሰልፏል፤ ላንቺ ግን ማን

የመኪና ድምፅ ሰምቼ አቋረጥኩ። የኸሊል ነው፤ ቀትር ላይ መጥቶ አያውቅም። ሻይ ቤቱ ፊት አልቆመም፤ ወደ ላይ ወጣ፤ እኛ አጥር ጥግ ቆመ። ለይኩን ከቤቱ ወጥቶ ኮፍያውን አወለቀ። ትርሐስም ወጣች። ሽማግሌዎቹ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል፤ ወደ እኔ ግን አልመጡም። ሲጠብቁ የነበረው የሚመጣ ሰው ኖሯል።

አንዲት ሴት ከጋቢናው ወረደች። ጥቁር ለብሳለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃዋለች። ፀሐዩ ከኋላዋ ስለሆነ ፊቷን አላየሁትም፤ አረማመዷ ግን የወንድሜ ነው።

ማርያማዊት፣ ከዚህ በኋላ መጻፍ አያስፈልገኝም። ግቢ ልጄ፤ በሩ ክፍት ነው።